ከመስኮትዎ ስለሰሙት ፈጣን ዘፈን

የጥበብ ጠባቂ፣ የሥርዓት ምሰሶ፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ የግቢውን ጉዳይ ሁሉ ለሚያውቁት ለክቡር የኪነ ጥበብ ማሠልጠኛ ተቋም ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ ያልተቆራረጠ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሮዎ እንደ ወትሮው የሰላ ሆኖ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ጆሮዎን ከሌላው አካልዎ ነጥዬ መመኘቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሦስት ተማሪዎችን ያለ ምርመራና ያለ አንዲት ጥያቄ አጭበርባሪ ብሎ ለመፈረጅ የበቃው፣ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት ሆኖ የግቢውን ድምፅ የሚያዳምጠው ያ ጆሮዎ ነውና፣ እንዲህ ላለ የሕዝብ ሀብት ጤንነት መጸለይ የእያንዳንዱ ዜጋ ግዴታ ይመስለኛል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ዕድሜዬን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በማስተማር የጨረስኩ፣ አሁን በጡረታ ቤቴ የምውል ሽማግሌ ስሆን፣ ኮሚቴዎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ካዋረዳቸው ተማሪዎች አንዷ የልጄ ልጅ ናት። ጉዳዩን በአደባባይ ማንሣቴ ከትሕትና ጉድለት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ አስቀድሜ በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ስመላለስ ሰንብቼ፣ ጸሐፊዎም አንድ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ሌላ ጊዜ «አሁን ወጡ»፣ በመጨረሻም ፊቴን ለምዳው ኖሮ በአዘኔታ «አባቴ፣ ባይደክሙ ይሻልዎታል፣ እሳቸው አንዴ የወሰኑትን መልሰው አያዩም» ብላ ሸኝታኛለችና፣ እግሬ ያልገባበትን ክፍል ምናልባት ጽሑፌ ይገባበት እንደሆነ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ስል ባጭሩ ላስረዳ። የተቋምዎ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለመመረቅ አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ ሠርተው ማስረከብ አለባቸው። የልጄ ልጅ አዘጋጅ ሆነች፤ ሲያወራ አጠገቡ ካልቆሙ የማይሰማ፣ ሲዘፍን ግን ጣሪያ የሚያነሣ፣ በዚህም የተነሣ ጓደኞቹ «ሹክሹክታ» የሚሉት ልጅ ዘፋኝ ሆነ፤ ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሣ «ሰንበሌጥ» የተባለው ሦስተኛው ልጅ ደግሞ ቀራጭ ሆነ። ዘፈኑን የደረሰው ሹክሹክታ ራሱ ሲሆን፣ የሚናገረውም ልብስ ሰፊ ስለሆኑት እናቱ ነው፤ ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ የመርፌውን ቀዳዳ በጥፍራቸው ጫፍ እየዳሰሱ ክር ስለሚያስገቡ እናት። ልጆቹ ሥራውን ጨርሰው አስረከቡ። ኮሚቴዎ ተመለከተና፣ ይህ እነርሱ የሠሩት ሊሆን አይችልም፣ በውጭ ባለሙያ አሠርተው የራሳቸው አስመስለው አቅርበውታል ብሎ ወሰነ፤ ከዘንድሮ ምረቃም ሰረዛቸው፤ ማታለላቸውንም ከነፎቶግራፋቸው በሰሌዳ ላይ ለጠፈ። ፍርዱ የቆመበትን ምክንያት በቦታው እደርስበታለሁ፤ እስከዚያው ግን ተቋምዎ ለልጆቹ ያደረገላቸውን ውለታ በተራ በተራ ማመስገን ይገባኛል።

አንደኛ፣ ስለ ካሜራው አመሰግናለሁ። ተቋሙ ለተማሪዎች መለማመጃ ያስመጣው ካሜራ፣ በንብረት ክፍል ውስጥ ባለ አንድ የመስተዋት ሣጥን፣ የፋብሪካ ላስቲኩ እንኳ ሳይላጥለት፣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ መቀመጡንና፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሩቅ እየተጎበኘ አድናቆት እንደሚቀበል ሰምቻለሁ። ሰንበሌጥ ሊዋስ በሄደ ጊዜ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ፣ በኃላፊነት ስሜት ከእርስዎ በቀር አቻ የማይገኝላቸው እመቤት፣ ዕቃው የተገዛው ለማን እንደሆነ ቢጠየቁ፣ «ለተማሪ ነዋ! ታዲያ ተማሪ እጅ ገብቶ ቢሰበር ነገ ለተማሪው ምኑን ላሳየው ነው?» ብለው መልሰዋል። እኔም ይህን መልስ በሰማሁ ጊዜ፣ ስንቱን መጽሐፍ ተማሪ እንዲያነብበው አሳልፌ በመስጠት ያባከንኩት ዘመን በዓይኔ ዞረ።

እንግዲህ የካሜራው ዕረፍት እንዳይታወክ ሲባል፣ ቀረጻው በሙሉ የተደረገው በመድኃኒት ቤት በምትሠራው በሰንበሌጥ ታላቅ እህት የእጅ ስልክ ነው። እህቲቱ ስልኳን የምታውሰው በምሳ ዕረፍቷ ብቻ ነበርና፣ ልጆቹ ምሳ የሚባለውን ነገር ረስተው ከረሙ፤ ስልኩም የሰው ስለሆነ ቦታ እንዳይሞላባት፣ የመረጡትን እየገለበጡ የቀረውን በየዕለቱ ያጠፉ ነበር። ከሁሉ የተዋጣውና የልጄ ልጅ ትንፋሿን ይዛ የተመለከተችው አንድ ቀረጻ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ፣ የእነ ሰንበሌጥ አክስት ደውላ፣ ስልኩ በሹክሹክታ ፊት ምትክ የአክስቲቱን ፎቶግራፍ ደቅኖ ሥራውን ሁሉ አፈረሰው። አክስቲቱ የደወለችው «ምሳ በላሽ ወይ?» ብላ እህቲቱን ለመጠየቅ ነበር። «አልበላችም፣ እትዬ፣ ማንም አልበላም» ብሎ ሰንበሌጥ ስልኩን ዘጋ፤ እንደገናም ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ብርሃኑ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ከአንዱ መማሪያ ክፍል ገመድ ስበው መብራት ሊያበሩ ሲሉ፣ ምክትልዎ ደርሰው ሶኬቱን በገዛ እጃቸው ነቅለው፣ «የተቋሙ መብራት ለዘፈን ነው እንዴ የገባው?» ብለው ገሥጸዋቸዋል። በኪነ ጥበብ ተቋም ውስጥ መብራት ለዘፈን ካልሆነ ለምን እንደገባ ለማወቅ ያለኝን ጉጉት ለጊዜው ልግታውና፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። የልጄ ልጅ ወደ ቤቴ መጣች፤ ቆማ መስኮቱን፣ ግድግዳውንና እኔን በየተራ ካየች በኋላ፣ የሟች ባለቤቴን ቁም ሣጥን በር ከነመስተዋቱ እንዳውሳት ጠየቀችኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ፀሐይዋን ላዞራት ነው፣ አባባ» አለችኝ፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ ስለማያውቅ፣ ብሎን መፍቻ ፈልጌ በሩን ከማጠፊያው ነቀልኩላት።

ሦስቱ ልጆች ያንን ቁመተ ረጅም መስተዋት ተሸክመው በመንገድ ሲያልፉ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ራሱን ለማየት ቆመ። ጸጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ ወጥቶ ጢሙን መረመረ፤ አንዲት ወይዘሮም «ቆይ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስሮጥሃል፣ ገና ግማሽ ፊቴን ነው ያየሁት!» ብለው በግድ አስቁመው ሻሻቸውን አስተካከሉ። በግቢውም፣ ፀሐይቱ በመስተዋቱ ላይ አርፋ፣ ከዚያ ተመልሳ፣ የክፍል ጓደኞቻቸው ወጥረው በያዙት ነጭ አንሶላ ተጣርታ፣ በደረጃው ሥር ባለው ጨለማ ጥግ በቆመው ዘፋኝ ፊት ላይ እንደ ወተት ፈሰሰች። ይህን ያየሁት በፊልሙ ነው፤ ምክትልዎ ሶኬቱን ባይነቅሉት ኖሮ እንዲህ ያለ ብርሃን ባልተገኘ ነበርና፣ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

መስተዋቱ ወደ ግቢው ሲገባ ምንም ያላለው ጥበቃ ግን፣ ሲወጣ የመውጫ ወረቀት ጠየቀ፤ የመውጫ ወረቀት የሚሰጠው ሲገባ ለተመዘገበ ዕቃ ብቻ ስለሆነ፣ ያልተመዘገበ ዕቃ በግቢው ከተገኘ የግቢው ነው በሚል እጅግ ጥልቅ ሕግ፣ የባለቤቴ መስተዋት እነሆ ዛሬ የተቋሙ ንብረት ሆኖ ይኖራል። ይመለስልኝ ብዬ አልጠይቅም። በዚህ ዕድሜዬ ከመስተዋት የምጠብቀው የምሥራች የለም፤ ካሜራውም ለብቻው ከሚሰለቸው ጓደኛ ይሁነው።

ሦስተኛውን ውለታ ከክሱ መለየት ተቸግሬአለሁ፤ ውለታውና ክሱ አንድ ላይ ተሰፍተዋልና። የሹክሹክታ እናት ለልጃቸው ሥራ የሚሰጡት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው፣ ከስፌት የተረፈ የጨርቅ ቁርጥራጫቸውን፣ የሠርግ ልብስ ጫፍ ከትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጥብጣብ ጋር የተቀላቀለበትን፣ በአንድ ጆንያ ጠቅጥቀው ሰጡት፤ ልጆቹም ያንን ጨርቅ ከላይኛው ፎቅ መደገፊያ ላይ በዘፋኙ ራስ ዙሪያ አዘነቡት። ምክትልዎ ይህንን «ግቢውን በውዳቂ ማቆሸሽ» ብለው በጽሑፍ አስጠንቅቀዋል። እኔ እንደተረዳሁት ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ቀረጻ እንደገና የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ ልጆቹ እያንዳንዷን ቁራጭ ከመሬት እየለቀሙ ወደ ጆንያው ይመልሱ ነበርና፣ ያ ግቢ እንደዚያ ሰሞን ተጠርጎ አያውቅም።

አሁን ወደ ጆሮዎ እመለሳለሁ፤ ቁጥር መስጠቱንም እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ በደል ነውና።

ልጆቹ ጨርቁ፣ አየሩ ውኃ የሆነ ይመስል፣ በዘፋኙ ዙሪያ እየተንሳፈፈ በዝግታ እንዲወርድ ፈለጉ። ይህ እንዴት እንደሚደረግ እኔ አላውቅም ነበር፤ የልጄ ልጅ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጣ በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ የገባኝን ያህል እነሆ። ቀራጩ በእያንዳንዷ ሰከንድ ከወትሮው በእጥፍ የሚበልጥ ሥዕል ያነሣል፤ እነዚያ ሥዕሎች በኋላ በተለመደው ፍጥነት ሲታዩ እንቅስቃሴው ሁሉ በግማሽ ይዘገያል፤ የሚወድቀው ጨርቅ ይንሳፈፋል፣ ዞር የሚለው ሰው በሕልም እንዳለ ሆኖ ይዞራል። ነገር ግን የዘፋኙ ከንፈርም አብሮ ስለሚዘገይ፣ ከዘፈኑ እንዳይለያይ፣ በቀረጻው ሰዓት ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይከፈታል፤ ዘፋኙም ያንን ሩጫ ተከትሎ አፉን በእጥፍ ፍጥነት ያንቀሳቅሳል። ሥዕሉ ሲዘገይ ከንፈሩ ከዋናው፣ ከረጋው ዘፈን ጋር ልክ ይገጥማል፤ በቀረጻው ጊዜ የተሰማው ሩጫ ተጥሎ በቦታው ትክክለኛው ዘፈን ይገባል። ነገሩ ይኸው ነው፤ እኔ ሽማግሌው ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ገብቶኛል።

በእጥፍ ፍጥነት የተከፈተ ዘፈን፣ ስለ እናት የተዘፈነ ቢሆን እንኳ፣ የጫጩት ጫጫታ ይሆናል። ሹክሹክታ ይህን ሩጫ ለመልመድ ቤቴ ሲመላለስ ምላሱን ነክሶ ከማበጡም በላይ፣ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ጋሼ፣ ጫጩት ማርባት ጀመሩ እንዴ? ደግሞ ምን አስደነገጣቸው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጎረቤቴ ዕድሜ ልካቸውን የሸቀጥ ሱቅ የያዙ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ግራ ሲገባቸው ጠየቁ። ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ግራ ገባቸው፣ ጠየቁ፣ ተነገራቸው፣ ስቀው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እርስዎ ግን መስኮትዎን ከፈቱ። ከታች ጨርቅ ሲዘንብ፣ ዘፈኑ ሲንጫጫ፣ ሹክሹክታም አፉን እንደ ስፌት መኪና ሲያራውጥ አዩ፤ «ምንድን ነው ይሄ? ስለ እናት ተዘፍኖ ይቀለድበታል?» ብለው ከላይ ጮኹ፤ መልስም ሳይጠብቁ ዘጉ። ልጆቹ እጅ ነሥተው፣ የዕለቱን ሥራ በለሆሳስ ጨርሰው ሄዱ። በዚያ ቀረጻ ላይ እርስዎም ከነመስኮትዎ ገብተው ነበር፤ የልጄ ልጅ ግን፣ ዳይሬክተራችን አፋቸውን ከፍተው መታየታቸው ክብራቸውን ይነካል ብላ፣ በዚያው ዕለት አጠፋችው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ስለ ክብርዎ ያሰበ ሰው ቢኖር እርሷ ብቻ መሆኗን ከዚህ በኋላ ያውቁታል።

የኮሚቴዎን ውሳኔ ከሰሌዳው ላይ ቆሜ ገልብጬዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «በግቢው ውስጥ ሲቀረጽ የተሰማው እጅግ ፈጣንና የሚያሾፍ ዘፈን ሲሆን፣ ለግምገማ በቀረበው ፊልም ላይ ያለው ግን ዝግ ያለና የረጋ በመሆኑ፣ በግቢው የተቀረጸውና የቀረበው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው በዋና ዳይሬክተሩ ምስክርነት ተረጋግጧል፤ የምስሉም ጥራት ከተማሪ ከሚጠበቀው በላይ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከመደምደሚያው በቀር በውስጡ አንድም ሐሰት የለም። ዘፈኑ በእርግጥ ፈጣን ነበር፤ ፊልሙ በእርግጥ ዝግ ያለ ነው፤ ጥራቱም በእርግጥ ከሚጠበቀው በላይ ነው። ከእነዚህ ሦስት እውነቶች ተነሥቶ እንዲህ ወዳለ ውሸት መድረስ ተራ ሰው የሚሆንለት አይደለም፤ ለዚህ ዲግሪ ያስፈልጋል፣ ወንበር ያስፈልጋል፣ እንዲሁም ደረጃ ወርዶ ለመጠየቅ የማይሻ እግር ያስፈልጋል። በፊልሙ ላይ የሚታየው ፊት የሹክሹክታ ፊት ነው፤ ፊቱን ከየትኛው ባለሙያ እንደገዛው ኮሚቴዎ አልገለጸም። ደረጃው የእርስዎ ደረጃ፣ መደገፊያው የእርስዎ መደገፊያ፣ የሚወርደውም ምክትልዎ «ውዳቂ» ብለው በጽሑፍ የከሰሱበት ያው ጨርቅ ነው። አንዱ ቢሮዎ ጨርቁን በግቢው በመጣል ከሷቸዋል፤ ሌላው ቢሮዎ ጨርቁ በግቢው አልተቀረጸም ብሎ ፈርዶባቸዋል፤ ሁለቱም ወረቀቶች ጎን ለጎን በአንድ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው ሳለ፣ ከዚያ ሁሉ አላፊ አግዳሚ ምሁር አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው አላፈረም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰውን ልንገርዎ። ይህንን የማዘግየት ጥበብ ልጆቹ ከሜዳ አላገኙትም። በተቋምዎ ውስጥ፣ በተቋምዎ ክፍል፣ በተቋምዎ የካሜራ መምህር የተማሩት ነው፤ መምህሩም በኮሚቴው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የልጄ ልጅ ከውሳኔው በኋላ ኮሚቴው ፊት ቀርባ ስታስረዳ ወደ እርሱ እያየች ነበር የተናገረችው፤ እርሱም ጠረጴዛውን አየ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በመንገድ ስንገናኝ ግራ ቀኙን ቃኝቶ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹ ልክ ናቸው» አለኝ። ታዲያ እዚያ ለምን ዝም አልክ ብዬ ብጠይቀው፣ «እሳቸው በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ ካሉ በኋላ፣ እኔ ምን ብዬ ነው የምከራከራቸው? ሰምተዋል እኮ!» አለ፤ ቦርሳውንም ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛውሮ፣ ቸኩያለሁ ብሎኝ ሄደ። እንግዲህ የሰሙት ልክ፣ የሚያውቀው ዝም፣ የሚናገሩት ጥፋተኛ ሆኑ ማለት ነው።

ልጆቹ አላርፍ ብለው የተመረጡትን ቀረጻዎች፣ ድምፁ ገና ሳይለወጥ፣ ከነጫጫታው ይዘው ቀረቡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ «እኛ የምናየው ያለቀ ሥራ ነው፣ ጅምር አምጥታችሁ አታድክሙን» አሉ። የልጄ ልጅ፣ «እንግዲያው አሁን ወደ ግቢው እንውረድና ዓይናችሁ እያየ አንዷን ስንኝ እንቅረጻት» አለች። «ኮሚቴው ትርኢት ለማየት አልተሰበሰበም» ተባለች። የኪነ ጥበብ ተቋም ኮሚቴ ትርኢት ለማየት ካልተሰበሰበ ምን ሊያይ እንደተሰበሰበ ለመጠየቅ በቦታው አልነበርኩም፤ ብኖርም ኖሮ ያደግሁበት ጨዋነት ባላስቻለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ያ ጨዋነት ከእጄ እየወጣ ነው፤ «ክቡር ሆይ» የሚለውንም ቃል ከዚህ በኋላ ሳልጽፍ ባልፍ ብዕሬ እንጂ እኔ እንዳልደፈርኩዎት ይቁጠሩልኝ።

የፍርድዎን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? አያውቁም፤ መስኮትዎ ወደዚያ ሰፈር አይከፈትም። የሹክሹክታ እናት ልብስ የሚሰፉባት ክፍል፣ የስፌት መኪናና አንዲት ወንበር ካስገቡባት ለደንበኛ መቆሚያ እንጂ መቀመጫ የማትተርፍ ናት። ልብስ ልታስጠብብ የመጣች አንዲት ደንበኛ በሰሌዳው ያነበበችውን ይዛ መጥታ፣ ገና ልኳን እየተለካች «ልጅሽ የሰው ሥራ ገዝቶ ተያዘ አሉ» ብላ ነግራቸዋለች። እናቱ ልኩን ለክተው ጨረሱ፤ ማታውን ልጃቸውን አልጠየቁትም። እኔን ጠየቁኝ። ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ከበሩ አልፈው ለመግባት እንኳ እምቢ ብለው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ ፊልሙን ሲያሳየኝም ጥላ ጥላውን ነው ያየሁት። እንዲያው እውነቱን ይንገሩኝ፣ እኔን ብሎ የዘፈነውን ዘፈን ከሰው ነው ያሠራው?» አሉኝ።

መልሴን ሰምተው ሄዱ፤ ያመኑኝ ግን አይመስለኝም፤ የእኔ ቃል የአንድ ጡረተኛ ቃል ነው፣ የእርስዎ ቃል ግን ማኅተም አለበት። ልጁም ከዚያ ወዲህ አይዘፍንም። ሲያወራ ድሮም አይሰማም ነበርና፣ አሁን በቤታቸው የሚሰማው የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ነው። ሰንበሌጥ ለእህቱ ስልኳን ሲመልስላት «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ብሏታል። የልጄ ልጅ ብቻ አልተቀመጠችም፤ በየቀኑ ተነሥታ ወደ ግቢው ትሄዳለች፣ ከራሷ ፎቶግራፍ ፊት ትቆማለች፣ የሚያልፍ ተማሪ ሁሉ እንዴት እንደተሠራ ሲጠይቃት ታስረዳለች። እስካሁን ያልጠየቃት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። የተመራቂዎች መዝገብ ዓርብ ይዘጋል፤ ከተዘጋም በኋላ ውሳኔው የሚሻርበት መንገድ እንደሌለ ሰሌዳው ራሱ በግርጌው በደማቅ ቀለም ይናገራል።

ብዙ ዓመት ፈተና ስፈትን ኖሬአለሁ። አንድ ልጅ ከጠበቅሁት በላይ አስበልጦ ሲጽፍ የተጠራጠርኩባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ጥርጣሬ የፈታኝ መብት ነው። የጠረጠረ ፈታኝ ግን ልጁን ጠርቶ «እስቲ እዚሁ ፊቴ ጻፍልኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ወይ ልጁ ያፍራል ወይ ፈታኙ። እርስዎ ከሁለቱ ማፈር ሁለተኛውን ፈርተው የመጀመሪያውን ያለ ፈተና ደነገጉ። እኔ ይህንን ከባድ ስሕተት ብዬ አልጠራውም፤ ስሕተት ሳያውቁት የሚሠራ ነገር ነው። ይህ ላለማወቅ የተደረገ ጥረት ነው።

ስለ ጊዜዎ፣ ስለ ትዕግሥትዎና፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ልጆቻችን ችግርን እንዴት እንደሚወጡት ይማሩ ዘንድ ተቋሙን በሙሉ ችግር አድርገው ስላደራጁላቸው ደጋግሜ አመሰግናለሁ። በዚህ ረገድ ተቋምዎ የገባውን ቃል ፈጽሟል፤ ልጆቹ ተምረዋል።

የመስኮትዎ መከፈትና መዘጋት ሁሉ በጎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎት፣ ወንበሩም እንዲጸናብዎት እየለመንኩ፣ ከፍ ካለ አክብሮትና ከአክብሮቱም ከፍ ካለ ቁጣ ጋር፣

ከምረቃ ከተሰረዘችው አዘጋጅ አያት፣
ጡረታ ከወጣ የቋንቋ መምህር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ረጅም ደብዳቤ እንደማያነቡ፣ አጭርም ቢሆን ጸሐፊዎ እንደምታነብልዎ ነግረውኛልና፣ ጸሐፊዎ ይህቺን የመጨረሻዋን ብቻ ብታነብልዎ ይበቃኛል። ልጆቹ በፊታችሁ መቅረጽ ካቃታቸው የእኔንም ፎቶግራፍ ከእነርሱ ጎን ይለጥፉት፤ ሁለት ይዤ እመጣለሁ፣ አንዱ ቢቀደድ ሌላው እንዲኖር። የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ከነኮሚቴዎ ወደ ግቢው ይውረዱ፤ ልጆቹ ከዘፈኑ አንዲት ስንኝ ቀርጸው፣ አዘግይተው እስኪያሳዩአችሁ ድረስም ይቁሙ።